ቦርጭ ሰኞን አያውቅም

ቀበቶዬ ስድስት ቀዳዳ አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ አምስት ነበር፤ ስድስተኛውን እኔ ነኝ በምስማር የበሳሁት። የበሳሁትም በማጥበቂያው በኩል ሳይሆን በማላሊያው በኩል ነው፣ ይሄን ከአሁኑ ግልጽ ላድርገው። የሕይወት ታሪኬን ልጻፍ የሚል ሰው ቢመጣ ሌላ ሰነድ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ ቀበቶዬን ይየው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ወንደላጤነቴ ነው። ሁለተኛው ትዳር። ሦስተኛው እድገት አግኝቼ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል የጀመርኩበት ዘመን። አራተኛውና አምስተኛው መቼ እንደመጡ አላየሁም፣ ተኝቼ ሳይሆን አይቀርም።

ስድስተኛውን ስበሳ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ «ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። «ቀበቶው አጥሯል» አልኳት። ሱሪዎቼም ሲታጠቡ ገብተዋል። ሸሚዞቼ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆይተው ጠበዋል። መስታወቱ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ድሮም ጥራት አልነበረውም። እዚያ ቤት ውስጥ ያልተለወጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጫማዬን ሳስር ትንፋሼ ሲቆራረጥ ግን የጫማው ጥፋት ነው ለማለት አፈርኩ። እናም እንደ ማንኛውም ቁም ነገረኛ ሰው፣ ሰኞ ልጀምር ወሰንኩ።

ዳይት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሰኞ መሆን አለበት፤ ሰኞው ወር የሚገባበት ከሆነማ ምርጥ ነው። ችግሩ ከሰኞ በፊት እሁድ መኖሩ ነው። እሁድ ማታ እኔ ቤት የስንብት ግብዣ አለ። «ከነገ ጀምሮ አልነካውም» የተባለ ነገር ሁሉ ዛሬ ይነካል። ኬኩን በኋላ እንዳይፈትነኝ እበላዋለሁ፣ ብስኩቱን እንዳያሳስተኝ አብሬ አወርደዋለሁ፣ አይስክሬሙ ብቻውን ቀርቶ ምን ይሠራል ብዬ እሱንም አሰናብተዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ስወጣ ከቅዳሜው በልጬ እገኛለሁ። ቦርጭ ቀን አይቆጥርም። የሰኞን ዛቻ አይሰማም፣ የእሁድን እራት ግን አንድም ጉርሻ አይረሳም።

ያም ሆኖ የመጀመሪያዋ ሳምንት ደስ ትላለች። ዳቦ ተውኩ፣ ሩዝ ተውኩ፣ ድንች ተውኩ፣ ስኳር ተውኩ፤ ሰው ሰላም ማለት ሲቀር ያልተውኩት አልነበረም። በሰባተኛው ቀን ሦስት ኪሎ ወርጄ ተገኘሁ። አወጅኩት! መሥሪያ ቤት ያልሰማ የለም፣ ጥበቃው ሳይቀር በሩን ሲከፍትልኝ «በርታ» ይለኝ ጀመር። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ያ ሦስት ኪሎ ምን እንደነበር ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያጠራቅመው የስኳር ስንቅ አለ፣ ግላይኮጅን ይሉታል፤ አንዱ ግራም ወደ ሦስት ግራም ውሃ አብሮ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦና ሩዝ ሲቆረጥበት ሰውነት መጀመሪያ የሚነካው ይሄን ስንቅ ነው፤ ስኳሩ ሲወጣ ውሃውም ጓዙን ጠቅልሎ ይከተለዋል። ያ ሁሉ ሰው እንኳን ደስ አለህ ያለኝ በአብዛኛው ለውሃ ነበር ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ወግ ባለው መንገድ ስበላ ውሃው ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም የሚዛኑን ባትሪ ቀየርኩ።

ወፈርኩ ብሎ ለሰው መናገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጉልበቴን አመመኝ ስትሉት «ኧረ ሐኪም ቤት ሂድ» የሚላችሁ ሰው፣ ወፈርኩ ስትሉት እሱ ራሱ ሐኪም ቤት ይሆናል። አንዱ ባልደረባዬ በባዶ ሆድ የሎሚ ውሃ ጠጣ፣ ስቡን ሙልጭ ያደርገዋል አለኝ። ሎሚ ስብ ሙልጭ ሲያደርግ ያየሁት ሳህን ላይ ነው። ሌላዋ «ፍራፍሬ እንዳትነካ፣ ስኳር ነው» ስትለኝ በእጇ ዶናት ይዛ ነበር። ሦስተኛው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የተበላ ሁሉ በቀጥታ ቦርጭ ይሆናል አለ፤ ሆዴ ውስጥ የማታ ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ ያለ ይመስል። አራተኛዋ ሰውነት የሚያጸዳ ሻይ አመጣችልኝ። ሻዩ ቃሉን ጠብቋል። ሦስት ቀን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ነው የዋልኩት፣ እና ጉበትና ኩላሊቴ ይሄን የማጽዳት ሥራ ያለ ሻይ፣ ያለ ጩኸት ሲሠሩልኝ እንደኖሩ ትዝ ያለኝ እዚያው እንደተቀመጥኩ ነው።

ከነዚህ ሁሉ አማካሪዎች መካከል አንድም ሰው ስለ ዘይት ትንፍሽ አላለም። አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም ቅባት 9 አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። እኔ ደግሞ «ለጤናዬ» የምበላውን ሰላጣ በሦስት ማንኪያ ዘይት ነበር የማጥለቀልቀው። ሰው «ምን በላህ?» ሲለኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ቅጠል» እላለሁ። ቅጠሉ የት እንዳለ ግን ለማየት መዋኘት ያስፈልግ ነበር።

በነገራችን ላይ ይሄ የዳይት ምክር የኛ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ዊሊያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ውፍረቱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እስከማያስር አድርሶት፣ በሐኪሙ ምክር ዳቦውን፣ ስኳሩን፣ ቢራውንና ድንቹን ቀንሶ ከሳ። እ.ኤ.አ. በ1863 ይሄንኑ ጽፎ አሳተመ፤ እንግሊዞች የሰውየውን ስም «ዳይት ላይ መሆን» ለማለት እስኪጠቀሙበት ድረስ ታወቀ። እኔን ግን የሚገርመኝ የሥራው ነገር ነው። ቀብር አስፈጻሚ ሆኖ ሰውን በጤና ኑሩ ብሎ የመከረ፣ የገዛ ገበያውን የዘጋ ብቸኛ ነጋዴ ነው።

ከዚያ ጂም ገባሁ። የዓመት ከፈልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ «ቆራጥ ነዎት» አለችኝ፤ ለካ ጂም የሚኖረው እንደኔ ባሉ፣ ከፍለው በማይመጡ ቆራጦች ነው። አሥራ አንድ ቀን ሄድኩ። ዘጠኙን ቀን ፎቶ ተነስቻለሁ። ቦርጬን ላጥፋ ብዬ ሲት አፕ ስሠራ ከሥር ያለው ጡንቻ ሳይጠነክር አልቀረም፣ ከላይ ያለው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ሰውነት ስብ የሚቀንሰው እሱ ከወደደው ቦታ እንጂ እኔ በጣት ከጠቆምኩት አይደለም። አንድ ሰሞን ደግሞ ላስቲክ ተጠቅልዬ ሮጥኩ። ላብ በላብ ሆኜ ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ወርጃለሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ስጠጣ ግማሹ መጣ። አሁንም ውሃ! ይሄ ውሃ መቼም ከኔ ጋር ቂም አለው።

ከሁሉም የሚያስቀው ሽልማቴ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብዬ ስራመድ በኔ ክብደት ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ላቃጥል እችላለሁ። ጎበዝ! ከዚያ «ይገባኛል» ብዬ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ እከፍታለሁ። ውስጡ ወደ 35 ግራም ስኳር አለ፣ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ገደማ። በግማሽ ሰዓት የወጣው አብዛኛው በሁለት ደቂቃ ተመልሶ ገባ፣ ያውም እያገሳሁ።

ሲብስብኝ መብላቱን ራሱ ተውኩት ብል ይቀላል። ጠዋት ቡና፣ ቀን አንድ ቅቅል እንቁላል፣ ማታ ብስጭት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኔ የት ይሄዳል፣ ገና ሳይነሳ በልቼዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት አልጋ ውስጥ ተደብቄ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ባለቤቴ ሌላ ነገር የማይ መስሏት አንድ ሌሊት ስልኬን ነጠቀችኝ፤ ሽንኩርት ነበር የሚከተፈው። ያሳዘንኳት ያን ቀን ነው። ለካ የታወቀ ነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ጾም እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ሰዎቹ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እስከማሰባሰብ ደረሱ። ሲፈቀድላቸው ደግሞ የበሉት ለጉድ ነው። የተራበ ሰውነት ሲቆጥብ ይኖርና ዕድሉን ሲያገኝ ዕዳውን ከነወለዱ ያስከፍላል። እኔንም አስከፈለኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣው መብራት ቆሜ፣ በእጄ።

ከዚያ በኋላ ነው ለምርመራ የሄድኩት። ደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏል። 92 ኪሎ ነበርኩ። ሐኪሟ የልጄ ታላቅ ብትሆን ነው፤ «30 ኪሎ ይቀንሱ» ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ስጠብቅ «ለጊዜው 5 ኪሎ እንኳን ቢቀንሱ ለግፊትዎም ለስኳርዎም ለውጥ አለው፣ ያውም ቀስ ብለው» አለችኝ። ተናደድኩ። እኔ እኮ በአንድ ሳምንት ሦስት የቀነስኩ ሰው ነኝ! አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳለም ነገረችኝ፦ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ፣ ካልሞከሩት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ነገራቸው 58 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሎሚ የለበትም። ላስቲክም የለበትም። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አሁን የሚያደርጉትን ነገር የዛሬ ሦስት ዓመትም ያደርጉታል?»

አሰብኩት። እንቁላሏን አሰብኩ። ሌሊቱን አሰብኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ይቅርና የዛሬ ሦስት ቀንም አላደርገውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለወሬ አይመችም፣ ይቅርታ። ለስላሳውን ቤት ማስገባት ተውን፤ ሲያምረኝ ሄጄ መግዛት አለብኝ፣ ስንፍናዬ ደግሞ ከአምሮቴ ይበልጣል። የሳህኔን ግማሽ አትክልት አደረግኩት፣ ዘይቱ በማንኪያ ተለካ፣ ዳቦውም ተመለሰ። ኬክ በልደት ቀን እበላለሁ፣ ግን የባለ ልደቱን ድርሻ አልበላም። እራት ከበላን በኋላ 30 ደቂቃ ከባለቤቴ ጋር እንራመዳለን፤ አምስት ቀን ሲሆን እነሆ 150 ደቂቃ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ይሄን አድርጉ የሚለው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ስለሚል ቤት ውስጥ ፑሽ አፕ አለ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ሠርቼ ሦስተኛው ላይ መሬት ላይ ቀረሁ፣ ባለቤቴ አልፋኝ ሄደች። እንቅልፍም ተኛሁ፤ ሳይተኙ ያደሩ ቀን ረሃቡ አይጣል ነው።

21 ቀን ሲሞላ ልማድ ይሆናል ብለውኝ ነበር። 22ኛው ቀን ላይ እንደ አህያ እየተጎተትኩ ነው የወጣሁት። የለንደን ተመራማሪዎች ሰዎችን ተከታትለው አንድ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከ18 እስከ 254 ቀንም እንደሚለያይ አግኝተዋል። እኔ የ254ቱ ወገን ነኝ። አንዳንድ ማታ ዝናብ ሆኖ ቀረን። አንዳንድ ቀን ብስኩቱን ከነማሸጊያው ልበላ ደረስኩ። ልዩነቱ፣ ማግስቱ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ወጣን፤ ሰኞን አልጠበቅንም። ስልኬ 10,000 እርምጃ ካልሞላ ሲቆጣኝ ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድሜ እያወዛወዝኩ የሞላሁበት ምሽት ነበር። በኋላ ሳነብ ይሄ 10,000 የሚባለው ቁጥር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፤ ስሙ ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። እጄም አረፈ፣ ስልኩም አረፈ።

የዝግታ ክፉው ነገር ማንም አያጨበጭብለትም። ለውሃው ሦስት ኪሎ ያ ሁሉ «በርታ» ጎርፎልኝ፣ ለእውነተኛው አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። በስምንተኛው ወር ላይ ነው መንደሩ የነቃው። አክስቴ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ደብቀኸን ነው እንጂ አሞሃል!» ይቺ አክስቴ ባለፈው ዓመት ሰው ፊት «አንተ፣ ስንት ወርህ ነው?» ያለችኝ ናት። ደህና ነኝ ብላት «በሞቴ ይቺን ብላ» ብላ ሳህኑን ከመረችው። ግፊቴ ወርዷል ስላት «ይኸው! አልኩህ እኮ፣ ግፊት አለብህ!» አለችኝ።

መሥሪያ ቤት ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። የሚያከሳ መርፌ እየተወጋ ነው ተባልኩ። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ፣ የሚረዳቸውም ሰዎች ያሉት መርፌ አለ፣ ነውርም የለበትም። እኔ ግን አልተወጋሁም። ማንን ላሳምን? ሰው መርፌ ያምናል፣ ሎሚ ያምናል፣ ተአምር ያምናል፤ የእግር ጉዞ ስትሉት ምስጢር የደበቃችሁት ይመስለዋል። ያ የሎሚው ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት ማታ መልእክት ላከልኝ። «ወንድሜ፣ በኛ መሀል ይቅር፣ ምን እየወሰድክ ነው?» ይላል። ቀበቶዬ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነው፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠራኛለች። ባጭሩ «ከእራት በኋላ 30 ደቂቃ» ብዬ መለስኩለት።

ደጅ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ስንት ስንት ፍሬ?»