ፈረመ! አለቀ!

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ላይ ያኖሩት ፊርማ ገና ሳይደርቅ «አለቀ!» ብሎ የሚያውጅልን ወገናችን ምስጋና ያንሰዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ አለ። ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ዲቪ የሚጠብቀውም እኩለ ሌሊት ላይ ቲክቶክ ገብቶ ያዳምጠዋል። እሱ ባይኖርልን ኖሮ ኮንግረስ፣ ፍርድ ቤት፣ በጀት እያልን በከንቱ ስንጨነቅ እንኖር ነበር። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ደግሞም ፊርማው ያምራል። ወፍራም ጥቁር ማርከር፣ ትልቅ ዶሴ። ፕሬዚዳንቱ ይፈርሙና ዶሴውን ወደ ካሜራ ያዞሩታል። ከሩቅ የሚነበበው ፊርማው ብቻ ነው። ለኛ ሰው ይበቃዋል። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ትራምፕ ዋሽንግተን መሀል ባለ የቅርጫት ኳስ ሜዳ በሕዝብ ፊት ፈርመው፣ እስክሪብቶዎቹን ወደ ተመልካቹ ወረወሩ። በዚያን ቀን ብቻ 26 ትዕዛዝ ወጣ። ከነሱ አንዱ የባይደንን 78 ትዕዛዞችና ማስታወሻዎች በአንድ ጊዜ ጠራርጎ የሻረ ነው። በነዚያ በ78ቱም ጊዜ «አለቀ!» ያለ ሰው ነበረ። ይኸው ሰው ሲሻሩም «አለቀ!» አለ። ጽናት ማለት ይህ ነው።

አንዳንድ ደረቅ ሰዎች ግን ነገር ያበላሻሉ። ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ አለቃ ለሠራተኞቹ የሚሰጠው መመሪያ ነው ይላሉ። ወይ ሕገ መንግሥቱ በሰጠው ሥልጣን ላይ፣ ወይ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ላይ መቆም አለበት ይላሉ። ሕግ አያወጣም፣ ያልተመደበ ገንዘብ አያወጣም፣ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ሊቀደው ይችላል ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ቡና አይጋበዝም። ጨዋታ ይገድላል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የመጨረሻውን ገጽ ያለማንበብ ችሎታችንን ነው። ትዕዛዙ ከላይ ይጮኻል፣ «እንዳይደረግ! ይዘጋ! ይቁም!» ይላል። ወደ ታች ስትወርዱ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። ጅራቱ ላይ፣ በየትዕዛዙ ማለት ይቻላል፣ ያው ነገር ተጽፏል። አፈጻጸሙ አሁን ባለው ሕግ መሠረት ይሆናል። በጀት ሲገኝ ነው። ለማንም የመክሰስ መብት አይሰጥም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ገደሉ እኮ ራሱ ወረቀቱ ላይ፣ በጽሑፍ ተገልጾ ነው ያለው።

በማርች 2025 የትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋበትን ቀን አስታውሱ። ትራምፕ በትናንሽ የተማሪ ጠረጴዛ የተቀመጡ ልጆችን ዙሪያቸው አድርገው ፈረሙ። ልጆቹም የየራሳቸውን ወረቀት ፈረሙ። የኛ ተንታኝ በሰዓቱ «ተዘጋ!» አለ። ትዕዛዙ የሚለው፣ ሕግ እስከፈቀደው ድረስ ሚኒስትሯ መዝጊያውን ያመቻቹ ነው። ሕጉ ደግሞ አይፈቅድም፣ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቱ በ1979 ኮንግረስ በሕግ ያቋቋመው ነው። ሠራተኛው በብዛት ተቀነሰ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። በሕግ ግን አልተዘጋም። አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ የወረቀት ስትሮ «ታገደ» ተብሎ ነበር። ትዕዛዙ በዋናነት የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ግዢ ነው። የሰፈሬ ካፌ ግን አሁንም ማንጎ ጁሱን የሚያቀርበው አፌ ላይ በሚሟሟ የወረቀት ስትሮ ነው።

ይህ የትራምፕ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የፊርማ አድናቂዎች በሁለቱም ጎራ ሞልተዋል። ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009፣ የጓንታናሞ እስር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ይዘጋ ብለው ፈረሙ። እልል ተባለ። ኮንግረስ እስረኞቹን ለማዘዋወር ገንዘብ ከለከለ። ብዕር ነበረ፣ ብር አልነበረም። ኦባማ ስምንት ዓመታቸውን ጨርሰው ወጡ፣ ጓንታናሞ አልተዘጋም።

ፕሬዚዳንት ትሩማን ደግሞ የበለጠ ያስተምራሉ። በ1948 በጦሩ ውስጥ ጥቁርና ነጭ መለያየቱ ይቁም ብለው አዘዙ፣ ትዕዛዙም ጸና፤ ጦሩ የሳቸው ነውና። በ1952፣ በኮሪያ ጦርነት መሀል፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ሲሉ ፋብሪካዎቹን መንግሥት ይረከብ ብለው ፈረሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፋብሪካው የሰው ነው፣ ኮንግረስም አልፈቀደልዎትም አላቸው። ሰውየው አንድ፣ ብዕሩም ያው። ልዩነቱ ከፊርማው በታች ያለው ሥልጣን ነበር። ይህ ግን ለቲክቶክ ይረዝማል።

ወደኛ ቤት ስንመጣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021ን ማን ይረሳል? ባይደን የሰሜኑን ጦርነት አስመልክቶ የማዕቀብ ትዕዛዝ ፈረሙ። ግማሹ ወገን «ዶግ አመድ ሆኑ!» ብሎ ጨፈረ፣ ግማሹ «ተሸጥን!» ብሎ አለቀሰ። ትዕዛዙ የአንድ ሰው ስም እንኳ አልነበረበትም። የ1977ቱን የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ተንተርሶ፣ ለወደፊቱ ስም የሚጻፍበትን መዝገብ ከፈተ እንጂ። በኖቬምበር የመጀመሪያዎቹ ስሞች ሲወጡ የኤርትራ ሆኑ። ጨፋሪውም አልቃሹም ያን ቀን ሌላ ላይቭ ላይ ነበሩ።

ለተንታኛችን ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። ፊርማው በራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2017፣ አርብ ከሰዓት፣ የመንን ጨምሮ የሰባት አገር ዜጎች አሜሪካ እንዳይገቡ ትራምፕ ፈረሙ። በማግስቱ ሁለት የመናውያን ወንድማማቾች ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተነስተው ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ደረሱ። የመኖሪያ ቪዛ በእጃቸው ነበር። ቪዛቸውን የሚያሰርዝ ወረቀት እንዲፈርሙ ተደርገው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሲያትል ያለ ዳኛ በሳምንቱ ትዕዛዙን አገደው፣ ልጆቹም ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ትዕዛዙ ሁለት ጊዜ እንደገና ተጻፈ። ሦስተኛውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018፣ 5 ለ 4፣ አጸደቀው። «አለቀ» ማለት ካስፈለገ ያኔ ነበር። ያኔ ግን ሁሉም ሰልችቶት ሄዷል።

በ2025ም ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን የተፈረመው አንዱ ትዕዛዝ፣ ወላጆቹ ዜግነትም ግሪን ካርድም ለሌላቸው፣ አሜሪካ ለሚወለድ ልጅ ዜግነት አይሰጥም የሚል ነበር። በተማሪ ቪዛ ያለች አንዲት እርጉዝ እህታችን በዚያ ሰሞን ስንት ስልክ እንደመጣላት እግዜር ይወቅ። «አንቺ፣ አለቀ እኮ! ልጅሽ ወረቀት የለውም!» ትዕዛዙ ራሱ የሚመለከተው ከ30 ቀን በኋላ የሚወለዱትን ነው ብሎ ጽፏል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንድ የሲያትል ዳኛ፣ ግልጽ የሆነ የሕገ መንግሥት ጥሰት ነው ብሎ አገደው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። ጠበቃዋ «ታገሺ» አላት። ደዋዩ ግን የጠበቃ ነገር አይጥመውም፣ ጠበቃ «እንደሁኔታው» ይላል።

ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ተንታኛችን ላይቭ ይገባል። ርዕሱ «አዲሱ ትዕዛዝ በሐበሻ ላይ የሚያመጣው ጣጣ» ነው። ትዕዛዙ ገና ፌዴራል ሬጅስተር፣ ማለትም የመንግሥቱ ጋዜጣ፣ ላይ አልታተመም። ሙሉ ቃሉን ያየ የለም። እሱ ግን ክፍል ሁለት ላይ ደርሷል።