ኪሎህ ነው እንጂ የከበደው

ፊደል ከሳትኩ ዝለሉት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ገና ቤት መግባቴ ነው። ሄልሜቴን እንኳ አላወለቅኩም።

ሄድኩ። አዎ፣ የሳይክል ቸርኬ ይመጣል ወደተባለበት ወደዚያው ሱቅ። አትሂድ ብላችሁኝ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ዛሬ እንዳትደግሙልኝ።

ቸርኬዎቹ እውነትም መጥተዋል። ጥንድ ካርቦን፣ ያ ከቃጫና ከሙጫ የሚሠራው ቀላሉ ዓይነት። ሰውዬው የፊቷን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ «እያት፣ ላባ ናት» አለኝ። ተቀበልኳት። አልዋሽም፣ ልቤ ድንግጥ አለ። ከእኔዋ ጋር ሲያስተያዩዋት ሰፌድና ምጣድ ናቸው። ጥንዱ 1,400 ግራም ነው አለ። የእኔ አሉሚኒየም 1,800 ይደርሳል። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ እህቴ ይሄን አንብባ ለእናቴ ትነግርብኛለች። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ «ትንሽ ልጠብቅ፣ ይረክሳል» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስቃችሁ ጨርሱ።

ከዚያ ጠየቅኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለየትኛው ፍሬን ነው?»

«ለፍሬን ነው።»

«እኮ፣ ለዲስክ ነው ወይስ ቸርኬውን ለሚይዘው?»

«ለሚይዘው ነዋ። የማይዝ ፍሬን አይተህ ታውቃለህ?»

ሁለት የባጃጅ ልጆች ዕቃ ሊገዙ ገብተው ነበር። ሳቁ። እሱም ሰው ሲስቅለት ጊዜ ወንበሩን ወደ ውጭ አወጣና ተመቻችቶ ተቀመጠ። ያኔ ነበር መውጣት የነበረብኝ።

አገላብጬ መሐሏን አየሁ። ዲስኩ፣ ማለትም ፍሬኑ የሚይዘው የብረት ሳህን፣ የሚታሰርባቸው ስድስት ቀዳዳዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የእኔ ኮርስ ሳይክል ደግሞ አሮጌ ናት፣ ቸርኬውን ግራና ቀኝ ቆንጥጦ የሚይዝ ፍሬን ነው ያላት። የዲስክ ቸርኬ ጎኑ ለፍሬን ጎማ አልተሠራም፣ ትቦጭቀዋለህ እንጂ አትቆምበትም። ይሄን በትሕትና አስረዳሁት። የመሐሉ ስፋትም አይገጥምም፣ የዚች የኋላ 142 ሚሊ ነው፣ የእኔ ፍሬም የሚቀበለው 130 ነው አልኩት።

«ይገባል» አለኝ። «ትንሽ ከፈት ታደርገዋለህ።»

ከፈት! የካርቦን ፍሬም! በር መሰለው እንዴ? ካርቦን እኮ ተለጥጦ እሺ የሚል ነገር አይደለም፣ ይሰነጠቃል። ይሰነጠቅና ደግሞ ከባሕር ዳር በሚወጣው መራዊ መንገድ ላይ በሰዓት 45 እየበረርኩ ነው የሚነግረኝ።

ዝም ብዬ መውጣት ሲገባኝ ጣቴን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሰደድኩ። ልሙጥ ነው። ጎማውን የሚይዝለት መንጠቆ የለውም። ሁክለስ የሚሉት ዓይነት ነው ማለት ነው። እሱ ችግር የለውም፣ ፈረንጆቹም ይነዱበታል፣ ግን ለእሱ የተፈቀደ ቱብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የማይፈልግ፣ ጎማ ብቻ ነው የሚገባበት፣ የአየሩም ግፊት ከ5 ባር አያልፍም፣ በፒኤስአይ 72 ገደማ መሆኑ ነው። ካለፈ ጎማው ሊወረወር ይችላል። አሁን እስኪ ይሄን ለሰፈሬ ጎሚስታ ሄዳችሁ ንገሩልኝ። ያ ሰው ጎማ ድንጋይ ካልሆነ ነፋሁ አይልም። የጭነት መኪና በሚነፋበት ነው የሚነፋልኝ። አምና የውስጥ ጎማዬን ጆሮዬ ሥር አፈነዳና «ዕቃው ደካማ ነው» ብሎ የነፋበትን አስከፈለኝ። ከፈልኩ። እኔ ሁልጊዜ እከፍላለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ጊዜም የመኪናው ረዳት ለሳይክሏ የሙሉ ሰው ሒሳብ ተቀብሎኝ፣ ከላይ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ጫነባት። ሰው ከሆነች ወንበር ስጧት እንጂ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኩ። «የስንት ኪሎ ሰው ይችላል?»

ይሄ የማይረባ ጥያቄ አይደለም። ቀላል ቸርኬ የሚቀለው ከሽቦውም ከጠርዙም እየተቀነሰ ነው። አንዳንዱ ላይ የነጂው ክብደት ገደብ ተጽፏል። ገደቡን አልፈህ የእኛን አገር ጉድጓድ ስትገባበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሰውዬው ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ። ሆዴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንተ ስንት ነህ?»

«86።»

«86! ታዲያ ከጎማ 400 ግራም ለመቀነስ ይሄን ሁሉ ብር ከምታወጣ ለምን ሁለት ሳምንት ራት አትተውም?»

የባጃጆቹ ልጆች መደርደሪያ ተደግፈው ነው የሳቁት። አንዱ እንባውን ጠረገ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ቀይ ስሆን ይታያል፣ ታውቁኛላችሁ። ሰውዬው አዘነልኝ መሰለኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና እንዲህ አለኝ።

«አይዞህ ወንድሜ። ኪሎህ ነው እንጂ የከበደው፣ አንተስ ቀላል ሰው ነህ።»

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አልኩት።

አመሰገንኩት! እጅ ነስቼ ወጣሁ! ጊዮርጊስ አደባባዩ ጋ ባጃጅ ዘግቶብኝ ቆሜ ነው ድንገት የገባኝ። ቀላል ሰው! አያቴ እኮ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት የጨረሱ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ወርቁን ለማግኘት የሱቅ ስድብ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ጎጃም ተወልደህ በሰምና ወርቅ ተሰድበህ ማመስገን፣ ከዚህ በላይ ውርደት ካለ ጻፉልኝ። ተመልሼ ልሄድ ነበር። ምን እላለሁ ግን? መልሱ እስካሁን አልመጣልኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሁሌም እንደዚያ ነው።

የሚያቃጥለኝ ደግሞ ሒሳቡ ልክ መሆኑ ነው። እኔ 86፣ ሳይክሏ 9፣ ውኃና ዕቃው ሲደመር 96 ኪሎ እንበል። 400 ግራም ማለት ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ዳገቱን ሁለት ሰዓት ብገፋው የማተርፈው 30 ሰከንድ ገደማ ነው። 30 ሰከንድ! አንድ ጉንጭ ውኃ ለመጠጣት ከምቆምበት ያነሰ። ከቆምክበት ስትነሳና ስትሽቀዳደም ቀለል ትላለች፣ እሱን አልክድም፣ ግን እኔ ከማን ጋር ነው የምሽቀዳደመው? ከአህያ ጋሪ ጋር? ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቀድም ብሎ ከልክሏል። የእኔን 9 ኪሎ የሚከለክላት የለም፣ ደስ ይበላችሁ።

ግን እኔ እኮ ስለ ዳገቱ አይደለም የጠየቅኩት! ይሄን ነው ማንም የማይሰማኝ። እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ መውረድ ምን እንደሆነ የጎጃም ሰው ያውቃል። ተሳቢዎቹ ፍሬናቸው ሸቶ ዳር ይዘው ቆመው፣ ረዳቱ ድንጋይ ሲያስደግፍ ታያለህ። 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሙሉ ፍሬን ይዘህ ነው የምትወርደው። አሉሚኒየም ሙቀቱን ያሰራጨዋል፣ ይተነፍሳል። ካርቦን ግን ሙቀቱን እዚያው ይይዘዋል። ቃጫውን ያጣበቀው ሙጫ ሲግል ይለሰልሳል፣ ከውስጥ አየሩ ይገፋል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ወይ የውስጥ ጎማው ይፈነዳል። ከበረሃው ሙቀት ጋር ደምሩት። ክረምት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ነው ዲስክ ነው ወይ ብዬ የጠየቅኩት። ስለዚህ ነው የስንት ኪሎ ሰው ይችላል ያልኩት። እሱንም ነግሬው ነበር። መልሱን ልንገራችሁ? «ቀስ ብለህ ውረድ።»

ሁሉም እንደዚሁ ነው። የአጎቴ ልጅ ካዛንቺስ ቁጭ ብሎ «60 ሚሊ ግዛ፣ ኤሮ ነው» ይለኛል፣ የጠርዙን ቁመት ነው፣ ነፋስ ይሰነጥቃል ማለቱ ነው። ቲክቶክ ላይ አይቶ። ያ ስሙን የማልጠራው ጓደኛችን 60 ሚሊ ገዝቶ አላየነውም? ፎቶ ላይ ታምራለች። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ በጎን ሲመጣ ግን የባሕር ዳርን አዲሱን ድልድይ 380 ሜትሩን ሙሉ እንደ ጠላ ጠጪ እየተወላገደ ነው የተሻገረው። የጠርዙ ቁመት በጨመረ ቁጥር ታንኳ ላይ ሸራ እንደ መትከል ነው። ለዳገት 30 እና 35 ሚሊ ይበቃል፣ የሚቀለውም እሱ ነው። ይሄን ስነግረው «ምቀኛ» አለኝ። እሺ፣ ምቀኛ።

እናቴማ ካርቦን ስላት «ያ ቢሮ እያለሁ ከወረቀት ሥር የምናስገባው ጥቁሩ?» አለችኝ። አዎ እማ፣ እሱ። ቢያንስ እሷ አልሰደበችኝም። ብላ ብላ ነው ያለችኝ፣ አሁንም ሽሮው ቀርቧል፣ ሁለት ሳምንት ራት ተው የተባልኩትን ለእሷ ማን ይንገርልኝ።

ለማንኛውም 130 ሚሊ የሚገባ፣ ለቸርኬ ፍሬን የሚሆን፣ 100 ኪሎ ሰው የሚችል ጥንድ ያላችሁ ወይም የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ካርቦን ባይሆንም ግድ የለኝም፣ ጥሩ አሉሚኒየም ከሆነ እንዲያውም እሱ ይሻለኛል። ክብደቱን በግራም ጻፉት። ቀላል ነው የሚል ሰው ግን ብሎክ ነው የማደርገው።