ሁለት ሰዓት እና ሁለት ሳምንት

ቅዳሜ ማታ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ቡና የምትፈላበት በረንዳ ላይ ተይዘን ነበር፣ የጅማ ዝናብ ታውቁታላችሁ ከጀመረ አይለቅም። አንዱ ኦፕራሲዮን ክፍል ሰመመን የሚሰጥ ልጅ ነው፣ አንዱ ፋርማኮሎጂ ያስተምራል፣ አንዱ እንጨት ቤት ያላቸው ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ፣ እና እኔ። ቡናውን የምታፈላው ልጅ ደግሞ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ መጨረሻ ላይ ገባችበት።

ነገሩን ያመጣው የሰመመኑ ልጅ ነው። "ኬታሚን ለድባቴ እየሰጡት እኮ ነው" አለ። እኛ በየቀኑ ስብራት ለማስተካከል ቁስል ለማጽዳት የምንወጋው ኬታሚን፣ አሜሪካ ከ1970 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለሰመመን የተፈቀደ ርካሽ መድኃኒት፣ አሁን ትንሿን መጠን በ40 ደቂቃ በደም ስር እያንጠባጠቡ ስንት ኪኒን ሞክሮ ያልተሻለው ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀና ማለት ይጀምራል፣ በ2006 የወጣ ጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። "ታዲያ ቁምሳጥናችን ውስጥ ተቀምጦ ሰው የሚሰቃየው ለምንድነው?" ብሎ ጨረሰ፣ የምሩን ነው የተናደደው።

ጋሼ ግን ቶሎ አልተዋጠላቸውም። "ልጄ በሁለት ሰዓት ልብ የሚያነሳማ እኛም አገር ሞልቷል" አሉ ወደ ጫት ተራው እየጠቆሙ። "ሲመረቅንህ አገሩ ሁሉ ያንተ ነው፣ ምርቃናው ሲወርድ ማታ ዱካክ ይመጣብሃል፣ ስንቱ ልጅ ነው እዚህ ሰፈር በሱ የቀረው።" እኔ እውነቴን ነው መጀመሪያ ላይ ለሳቸው ነው ያደላሁት፣ ቶሎ የሚያስደስት ነገር ሲባል እኔም የሚታየኝ የማውቃቸው ልጆች ናቸው።

አስተማሪው ግን "ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም" አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ቅመም ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል፣ ነርቩ ያስቀመጠውን፣ ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ያለህን ነው የሚያስወጣብህ፣ ሲያልቅ ያልቃል። ኬታሚን የሚነካው ሌላ ነገር ነው፣ ግሉታሜት የሚባለውን ኬሚካል የሚቀበል ኤንኤምዲኤ የሚባል መቀበያ አለ፣ እሱን ይዘጋል። የሚገርመው ደግሞ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ከደም ተጠርጎ ይወጣል፣ መሻሻሉ ግን ለቀናት ይቆያል። መድኃኒቱ ከሄደ የቀረው ምንድነው?

እዚህ ጋ ነው የሮናልድ ዱማንን ስም ያነሳው። ዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ፣ በ2020 ያረፈ ሰው ነው፣ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ድሮ ድባቴ ማለት ሴሮቶኒን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ማነስ ነው ይባል ነበር አይደል፣ ችግሩ ግን የተለመደውን የድባቴ ኪኒን ፍሎክሰቲንን ስትውጥ ሴሮቶኒኑ ላይ የሚሠራው ከመጀመሪያው ቀን ነው፣ ሰውዬው የሚሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው፣ በመሀል የሆነ ነገር እያደገ ነው ማለት ነው። ዱማንና ጓደኞቹ ያሉት፣ የቆየ ጭንቀት ግንባር አካባቢ ባለው የአንጎል ክፍል የነርቮቹን ቅርንጫፍና መገናኛ ያመነምነዋል ነው፣ በ2010 ደግሞ አይጥ ላይ አንድ ጊዜ ኬታሚን ሰጥተው በ24 ሰዓት ውስጥ አዲስ መገናኛ ሲያበቅል አሳዩ።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና "እንደ ተጎነደለ ቡና ያቆጠቁጣል ነው የምትለኝ?" አሉ። አስተማሪው ፊቱ በራ። "በትክክል ጋሼ፣ ልዩነቱ የተጎነደለው ቡና መልሶ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል ይሄ አንድ ቀን።"

የሰመመኑ ልጅ "ይኸው!" ብሎ ሊነሳ ሲል አስተማሪው መልሶ አስቀመጠው፣ ይሄን ነው የወደድኩለት፣ የራሱን ወገን አላዳነም። አይጥ ላይ ራፓማይሲን የሚባል መድኃኒት ስትጨምር የኬታሚኑ ጥቅም ይጠፋል፣ ሰው ላይ ሲሞክሩት ግን እንዲያውም አቆየው፣ ስለዚህ አይጥና ሰው አንድ አይደሉም። "ደግሞ አንተ የሰመመን ሰው ይሄን ስማ" አለው፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድባቴ ያለባቸው ለሌላ ኦፕራሲዮን የገቡ 40 ሰዎችን በሰመመን ተኝተው እያሉ ግማሾቹን ኬታሚን ግማሾቹን መድኃኒት የሌለበት የጨው ውሃ ሰጧቸው፣ በ2023 የወጣ ጥናት ነው፣ ሁለቱም ወገን እኩል ተሻላቸው። የተስፋው፣ የእንክብካቤው፣ የመጠበቁ ድርሻ ስንት እንደሆነ ገና እየተለየ ነው። ደሞ ከአንድ መርፌ በኋላ መሻሻሉ ብዙ ሰው ላይ በሳምንት ይሟሽሻል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ራስህን ከውጭ ሆነህ የምታይ ይመስልሃል፣ ደጋግሞ ለመዝናኛ የወሰደው ሰው ፊኛው ይጎዳል። አሜሪካ በ2019 የፈቀዱትን በአፍንጫ የሚነፋውን የኬታሚን ዓይነት እንኳ ቤትህ አትወስደውም፣ ጤና ተቋም ሆነህ ወስደህ ሁለት ሰዓት ይጠብቁሃል። ቁምሳጥን ውስጥ አለ ማለት ዝግጁ ነን ማለት አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ የተናገረችው። እህቷ ስትወልድ ልጇን ማቀፍ እምቢ አለች፣ አትተኛም፣ አትበላም፣ ግድግዳ ማየት ብቻ። ጠበል ወሰዷት፣ ከዛ ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ ኪኒን ተሰጣት። በቀን አንድ ብለው ሰጧት፣ ሌላ የነገራት ሰው የለም። ሁለት ሳምንት ማቅለሽለሽ ብቻ ሆነባትና "ይሄም እኔን አልቻለኝም" ብላ ጣለችው። "ተመልሳ እስክትጀምረው ሰባት ወር አለፈ፣ አሁን ደህና ናት፣ ግን ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር አላየችውም" አለች። "እናንተ ስለ ሁለት ሰዓት ትጨቃጨቃላችሁ፣ እሷ ሁለት ሳምንት ምንም ላይሰማት እንደሚችል የነገራት ሰው ቢኖር እኮ አታቆምም ነበር።"

ማንም አልመለሰላትም። አስተማሪው ቆይቶ ለወለዱ እናቶች ብቻ የተሠራ ነገር እንደወጣ ነገራት፣ ከወሊድ በኋላ በአንዴ የሚወርድ አሎፕረግናኖሎን የሚባል የሰውነት ኬሚካል አለ፣ እሱን የሚተካ በ2019 ለ60 ሰዓት በደም ስር የሚሰጥ፣ እስከ 2024 ድረስ ገበያ ላይ የነበረ፣ በ2023 ደግሞ ለ14 ቀን የሚዋጥ ኪኒን አሜሪካ ተፈቅዷል። "እዚህስ?" አለችው። "እዚህ እኔ አይቼው አላውቅም" አላት።

እንግዲህ የኔ ፍርድ፣ ጋሼ ከጫት ጋር ማመሳሰላቸው ልክ አይደለም ፍርሃታቸው ግን ልክ ነው። የሰመመኑ ልጅ ቁጣው ትክክል ነው፣ ነገ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ይስጥ ማለት ግን አይደለም፣ የሚከታተል ሰውና አልጋ እስኪኖር ይጠብቅ። ክርክሩን ያሸነፈችው ግን ልጅቷ ናት። የዱማን ሥራ ለኔ ያስረዳኝ ትልቁ ነገር ያ የሚጠበቀው ሳምንት ባዶ እንዳልሆነ ነው፣ ውስጥ ውስጡን የሚያቆጠቁጥ ነገር አለ፣ ታማሚው ግን አያየውም፣ የምናጣውም እዚያ መሀል ነው። ፈጣኑ መድኃኒት እስኪደርሰን፣ ቀርፋፋውን የሚሰጥ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨመር አያቅተውም፣ ሁለት ሳምንት ምንም ላይሰማሽ ይችላል፣ ሳትነግሪን እንዳታቆሚ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ። ይሄን ለማለት ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፣ ስለዚህ አለመባሉ ያናድደኛል።

ዝናቡ ሲያባራ ስንነሳ አስተማሪው ሒሳብ ከፍሎ ወደሷ ዞረ። "ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማወራው ስለ እህትሽ ነው፣ ስሟን አልጠራም፣ ከፈቀድሽ።" ሲኒውን እያጠበች ነበር፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና "ንገራቸው" አለችው።