ይድረስ ለክቡር የክሊራንስ ቅጽ

ለክቡር የክሊራንስ ቅጽ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ያዘለ ምስጋና ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከሐዋሳ እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ በአንድ ኮፒ ብቻ ስለጻፍኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በሦስት ኮፒ ያልቀረበልዎትን ነገር እንደማያዩ አውቃለሁ። በአድራሻው ላይ «ባሉበት» ያልኩትም ንቄዎት ሳይሆን የማይገኙበትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ተማሪ ግቢውን ለቆ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው ንብረት እጁ ላይ አለመቅረቱን በየቢሮው የሚያስፈርምብዎት ወረቀት ነዎትና፣ ክረምቱ ሲቃረብ በሬጅስትራር ደጃፍ አሉ፤ ከግቢ በር ፊት ለፊት በተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ፤ ዝናብ እንዳይነካዎትም በፌስታል ተጠቅልለው በየተማሪው ብብት ሥር አሉ።

እርስዎ ዘንድ የሚደርስ ተማሪ በየት በየት አልፎ እንደመጣ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ በእርስዎ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ስም ከነአያት፣ መለያ ቁጥርና ዲፓርትመንት ከመጠየቅ አያልፍምና። ስለዚህ ባጭሩ ላስረዳዎት። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጓጉዘው መፈተን በጀመሩበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ተሻሻለ ብለን የተደሰትነውም 8.4 በመቶ በመድረሱ ነው። ለጥቂት ያመለጠው ሪሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ገብቶ ዳግመኛ ይበጠራል። ያለፈው ደግሞ ምደባ ይጠብቃል፤ ምደባውም የሐዋሳውን ልጅ ወደ ሰሜን፣ የሰሜኑን ልጅ ወደ ሐዋሳ ልኮ ሁለቱንም እናቶች እኩል ያስለቅሳል። ተማሪው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ጨርሶ፣ የመረጠውን ወይም የተረፈውን ዲፓርትመንት ይዞ፣ እንደምንም የመጨረሻው ዓመት ላይ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ተቀምጦ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል።

አገሩ ሁሉ ስለ መግቢያና ስለ መውጫ ፈተና ሲከራከር እርስዎን የሚያነሳዎት የለም፤ ይህን ዝምታ እንደ ትሕትና እቆጥርልዎታለሁ። ይሁን እንጂ የመውጫ ፈተና የወደቀ ተማሪ ተመልሶ መፈተን ይችላል፤ የሚሠራው የሞዴል ጥያቄ አለው፤ የፈተናው ቀንም አስቀድሞ ይነገረዋል። እርስዎን ለመሙላት ግን የሚጠና ነገር የለም፤ ፈተናውን የሚሰጡት ሰዎች በየትኛው ቀን ቢሮ እንደሚገቡም ራሳቸው የሚያውቁ አይመስሉም።

መልክዎን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ለምን እንደምንፈራዎት ይገባዋል። የኮፒ ኮፒ ከመሆንዎ የተነሳ መስመሮችዎ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል፤ የዩኒቨርሲቲው አርማም ራስጌዎ ላይ የቀለም ጭቅቅት ሆኖ ቀርቷል። ከግርጌዎ ያለው «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ተማሪ ከክፍላችን የወሰደው ንብረት የሌለ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን በየትኛውም ኮፒ ላይ ደብዝዞ አያውቅም። በስተቀኝ የፊርማ ሳጥኖችዎ ተደርድረዋል፤ ሳጥኖቹ ጠባብ ስለሆኑ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፊርማ ጅራቱን ወደ ስፖርት ክፍሉ ሳጥን ያስገባል፤ የስፖርት ክፍሉ ሰውም «እዚህ ላይ ማነው የፈረመው?» ብሎ በአዲስ ቅጽ ከመጀመሪያው ያስጀምራል።

ስፖርት ክፍልን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሳጥኖችዎ ሁሉ የሚገርመኝ እርሱ ነው። በትምህርት ዘመኗ ሁሉ ኳስ በእግሯ ነክታ የማታውቅ ተማሪ፣ የት እንዳለ የማታውቀውን ቢሮ አፈላልጋ፣ አይታው የማታውቀውን ሰው ደጅ ጠንታ፣ ያልወሰደችውን ኳስ አለመውሰዷን ታስመሰክራለች። አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ሲሉ የሞኝነትን ጫፍ ያሳዩ መስሏቸው ነበር፤ እርስዎ ግን አንድ እርምጃ አልፈው፣ ላም ባልዋለበት መስክ ኩበት አለመልቀማችንን በማህተም ያስረጋግጣሉ። ፈራሚው ቢገኝ ማህተም ያዡ የለም፤ ማህተም ያዡ ቢኖር የመሳቢያው ቁልፍ ጸሐፊዋ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ጸሐፊዋ ደግሞ ለቅሶ ሄዳለች። ለቅሶ በሄደ ሰው ላይ ምን ይባላል? «እግዜር ያጽናት» ብሎ በማግሥቱ መመለስ ነው።

የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩም፣ የራሱ ሳጥን አለው። ቁልፍ ይቀበላል፣ ፍራሽ ይቆጥራል፣ የሎከሩን በር ከፍቶ ይዘጋል፤ በመጨረሻም ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ «መስታወቱስ?» ይላል። መስታወቱ ተማሪዋ ፍሬሽ ሆና የገባች ቀንም አልነበረም፤ ቦታው በካርቶን የተሸፈነ ነበር። ከእርሷ በፊት የነበረው ባች ከፍሎበታል፤ እርሷም ከዶርም ጓደኞቿ ጋር አዋጥታ ትከፍላለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ የሚገባውም ይከፍልበታል። በዚህ አያያዝ ያ መስታወት በአገሪቱ ካሉት መስታወቶች ሁሉ ውዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ያውም ሳይኖር።

አሁን የታናሽ እህቴን ጉዳይ ላንሳ። ምደባው ከሐዋሳ አርቆ ሌላ ክልል ወስዷት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲዋን ስም አልጠራም፤ እርስዎ በሁሉም ዘንድ አንድ ስለሆኑ መጥራቱም አይጠቅምም። የተመረቀችው በእፅዋት ሳይንስ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስሟን ኮምፒዩተሩ ላይ አይቶ «የቅየሳ መጽሐፍ አልመለስሽም» አላት። ቅየሳ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ትምህርት ነው፤ ለካ መጽሐፉን የወሰደችው በስምም በአባት ስምም የምትመሳሰላት ሌላ ልጅ ኖራለች። እህቴ የአያቷ ስም ሌላ መሆኑን ብታስረዳ፣ ሠራተኛው በበኩሉ ሲስተሙ አያት እንደማይመዘግብ አስረዳት። (እርስዎ አያትን አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ሲስተሙ አያትን አያውቅም፤ ለመሆኑ ሁለታችሁ ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?) ወይ እርሷ እርሷ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዲፓርትመንቷ እንድታጽፍ፣ ወይ መጽሐፉን እንድትተካ ተነገራት። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ የመጽሐፉን ሌላ ቅጂ ኮፒ አስደርጋና አስጠርዛ ለመተካት ወደ መደርደሪያዎቹ ገባች፤ እዚያ ያገኘችው ቅጂ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥርም ኮምፒዩተሩ አልተመለሰም ከሚለው ቁጥር ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። የተፈለገው መጽሐፍ ራሱ፣ በቦታው፣ ከነአቧራው! አቅፋው ስትመጣ ሠራተኛው አገላብጦ አየውና «መጽሐፉ አለ፤ የተመለሰ ግን አይደለም» አላት።

እኛ ይህን ሁሉ የምንሰማው ሐዋሳ ሆነን በስልክ ነበር። እናቴ ድፎ ዳቦውን ደፍታ፣ ጎረቤቱን ጠርታ፣ የጥሪውን ቀን ሁለቴ ካራዘመች በኋላ «ልጄ፣ ምንም ይሁን ምን ከፍለሽው ነይ» አለቻት። ከፈለች። ደረሰኙ ላይ «ለጠፋ መጽሐፍ» ተብሎ ተጻፈ፤ መጽሐፉም ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ከሩቅ አገር የመጡ ቤተሰቦች ደግሞ እዚህ እኛ ከተማ ልጆቻቸውን ይጠብቁ ነበር። የምርቃት እንግዳ ሐዋሳ ሲመጣ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ሳይበላ፣ ሐይቁ ዳር ልጁን ከነጋውኑ መሃል አድርጎ ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም። ችግሩ ጋውኑም እርስዎ ላይ ሳጥን አለው፤ ስለዚህ ካሜራው ሳይዘጋ «ቶሎ በሉ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ልመልሰው» የሚል ተመራቂ በየዛፉ ሥር ይሰማል። በማግሥቱ ልጅየው ቅጹን ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በባጃጅ ሲመላለስ ይውላል፤ የሐዋሳ ባጃጅ ነጂዎች ስምዎን በበጎ ቢያነሱ አይፈረድባቸውም። አባት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ፔንሲዮኑ በር ላይ ተቀምጠው ለመሳፈሪያ የያዙት ብር ለአልጋ ሲያልቅ ያያሉ። «ተመርቆ የለም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተመርቋል አባባ፤ ገና አልተለቀቀም እንጂ።

ከሁሉ በላይ ያልገባኝን ልጠይቅዎት። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት፣ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ይገባል። ይህን ውል ሳይፈርም እርስዎን ጨርሶ መውጣት አይችልም። እንግዲህ ይታይዎት፤ ከዕዳ ነፃ ነው ለመባል አስቀድሞ ባለዕዳ መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ በኋላ በአንድ እጁ ዕዳ የለበትም የሚለውን ቅጽ፣ በሌላ እጁ ዕዳ አለበት የሚለውን ውል ይዞ ይቆማል፤ ኦርጅናል ዲግሪው ታስሮ ይቀርና ቴምፖራሪ የሚባል ጊዜያዊ ማስረጃ ተሰጥቶት ይሸኛል። ኳስ እንዳልወሰደ በማህተም የተመሰከረለት ሰው የሽሮ ዕዳ አለበት ማለት ነው። ሽሮውም ቢሆን ለብዙ ዓመታት በቀን 15 ብር፣ ቀጥሎም 22 ብር ተመድቦለት የተሠራ ነው፤ በጀቱ 100 ብር የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። በ15 ብር ቁርስ፣ ምሳና ራት የበላ ሰው ምን እንደበላ ለማስታወስ ይቸገራል፤ ዕዳው ግን ተመዝግቦ ይጠብቀዋል። በመክፈሉ አልከራከርም፤ ከሕዝብ ኪስ የተማረ ሰው ለሕዝብ መመለሱ ተገቢ ነው። የሚገርመኝ፣ የማንከፍለውን ሁሉ በዝርዝር የሚያስመሰክሩት እርስዎ የምንከፍለው ላይ ሲደርሱ የሚይዝዎት ዝምታ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያለ ምክንያት አልተፈጠሩም። መጽሐፍ ይዞ የሚሄድ ተማሪ አለ፤ የላቦራቶሪ ዕቃ ሻንጣው ውስጥ የሚገባበት፣ ብርድ ልብሱም እቤት ድረስ የሚከተለው አይጠፋም። ንብረቱ የአገር ነው፤ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ግን ግቢዎቹ እንደ እርስዎ ያለ ጠባቂ እያላቸው፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስም ባልተወራረደ ሒሳብና በንብረት አያያዝ ጉድለት ተደጋግሞ የሚነሳው ለምን ይሆን? ትራስ ለመለሰ ልጅ ይህን ያህል ፊርማ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሚሊዮኖቹ ላይ ሲደርስ ቅጽ ያልቅበታል መሰለኝ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ወንድም ቅጽ ይውለዱልን። ይህኛው ቅጽ በተማሪው እጅ ይቆይና ዩኒቨርሲቲው ፊርማ ለማሰባሰብ ይዙር። በአንደኛው ሳጥን፣ የሴሚስተሩን ኮርስ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በሜካፕ (በማካካሻ) ክፍለ ጊዜ የጨረሰው መምህር ይቅረብ። በሌላው፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት ተፍቆ ከባች ወደ ባች የወረደው ሃንድአውት ይመርመር። ኬሚካል አልቋል ተብሎ በነጭ ሰሌዳ ላይ ስለተሠራው የላቦራቶሪ ሙከራ፣ ውጤት ሳይገባላት በኤንጂ ስለቆየችውና ለጥያቄ በሄደች ቁጥር «ጠብቂ» ስለተባለችው ተማሪ፣ በጄሪካን ውሃ ተሸክመን ስለወጣንበት አራተኛ ፎቅም መልስ የሚሰጥ ክፍል ይኑር። ከግርጌው «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ዩኒቨርሲቲ በተማሪው ዘንድ ዕዳ የሌለበት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይበልና ተማሪው ይፈርም።

ፕሬዚዳንቱ ሦስቱንም ኮፒ በፌስታል ጠቅልለው ዶርም ድረስ ሲመጡ እኛም በትሕትና እንቀበላቸዋለን። ፈራሚው ልጅ ግን ለምሳ ወጥቷል፤ ማህተሙ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የሎከሩን ቁልፍ የያዘው ደግሞ ፊልድ ወጥቷል። አባት ነዎትና አናመላልስዎትም፤ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይበሉ፤ ካልሆነም ሰኞ ጠዋት ይምጡ፤ ሰኞ ስብሰባ ከሌለን እንፈርምልዎታለን።

ከሰላምታ ጋር
ማህተም የሌለው አንድ የሐዋሳ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለስፖርት ክፍል፤ ኳሱን አሁንም አልወሰድንም
ለቤተ መጻሕፍት፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው
ለማህተም ያዥ፤ ጸሐፊዋ ከለቅሶ ሲመለሱ የሚነበብ