ለምሽቱም አጥር ይበጅለት

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ረጅም ነው። ደህና ነህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እናትህ በረታች? መልሱ ሁልጊዜ «ተመስገን» ነው። ከተመስገን በኋላ ግን ወሬው ወዲያው ወደ ጤፍ ዋጋ፣ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ መንገዱ ይዞራል። «መንገዱ ሰላም ነው?» የማይል የለም። ከሸዋ ሮቢት የተነሳ ዘመድ ጣርማበርን እስኪያልፍ ድረስ ቤተሰቡ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሲነጋም ያው ነው።

ይህን ያየ ሁሉ ምክር ይሰጣል። ቲክቶክና ቴሌግራም በምክር ተጥለቅልቀዋል። «ክፉ ክፉውን አታስብ»፣ «ራስህን ውደድ»፣ «ሰላምህ በእጅህ ነው»። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም። ምክሩ ግን ያሳዝነኛል፤ የተጨነቀውን ሰው በጭንቀቱ ላይ ጥፋተኛ ያደርገዋል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤቷን ያጣች እናት ሌሊት ብትባንን አስተሳሰቧ ተበላሽቶ አይደለም። ለእሷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ቤትና ደህንነት ነው። የውስጥ ሰላም የሚባለው ነገር የአገር ሰላምን ሊተካ አይችልም፤ ይተካል ብሎ የሚሰብክ ሰው ባይሰብክ ይሻላል።

ታዲያ ችግሩ ሁሉ እስኪፈታ ዝም ብለን እንቃጠል ማለቴ አይደለም። እኔ የምለው፣ የልብ እረፍት አንድ ሰው ጥርሱን ነክሶ ብቻውን የሚያመጣው ነገር አይደለም ነው። አያቶቻችንም ድርቅ አይተዋል፣ ጦርነት አይተዋል፣ ልጅ ቀብረዋል። ጭንቀት አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። እነሱ የነበራቸው፣ ሥራና ሐሳብ የሚቆምበትን ጊዜ በጋራ የመደንገግ ልማድ ነው። እኛ ያጣነው ይህንን ነው።

የመንዝን ጓሳ ውሰዱ። ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ሕዝቡ ይህን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። ሥርዓቱ ቀላልም ጥብቅም ነበር። ጓሳ ይዘጋል። አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ማንም አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አያሰማራበትም። ሣሩ ሲያገግም በጋራ ይከፈታል። ጥሶ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያናጋው መሬቱ ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መለሰው፤ ዛሬም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ማንም የመንዝ ገበሬ ብቻውን «እኔ ዘንድሮ ጓሳ አልገባም» ብሎ ሣሩን አያድነውም። እሱ ቢተወው ጎረቤቱ ያጭደዋል። ሁሉም አንድ ላይ ሲያቆም ነው መሬቱ የሚያርፈው። የእኛ አእምሮም እንደዚያ መሬት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ሁሉም ይግጠዋል።

ጊዜያችንም እንዲሁ ይታጠር ነበር። ሰንበት አለ፣ በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 ባለወልድ አለ። በዚያ ቀን በሬ አይጠመድም፣ እህል አይፈጭም። የጠመደ ሰው ከጎረቤት አይን አያመልጥም። አልዩ አምባና ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ወደ ጁምዓ ይሄዳል፤ ገዢውም ያውቃል፣ ይጠብቃል። በዓል በዝቶ ሥራ ይጎዳል የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዓሉን ስንቀንስ በምትኩ ምን አመጣን? የእረፍት ሰዓት የሌለው የሥራ ቀንና ከአልጋ አብሮን የሚወጣ ስልክ።

የቡና ሰዓታችንን ብቻ እንይ። ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ ደጁን ነጭ ባደረገበት ጠዋት፣ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦል ተቀድቷል። አንዷ ሲኒውን በግራ እጇ ይዛ በቀኝ አውራ ጣቷ ስልኩን ወደ ላይ ትገፋለች። አፍይዋ ስለ ልጇ ሕመም ማውራት ጀምራ ነበር። «እና ሐኪሙ እንዲህ አለኝ…» ስትል ያቺኛዋ ድንገት «ኧረ እዩት ይሄን!» ብላ ስልኩን ዘረጋች። ሁላችንም አየን። የሆነ ቦታ የተቃጠለ መኪና ነው። መቼ፣ የት፣ ማን እንደለጠፈው አይታወቅም። የልጁ ሕመም እዚያው ቀረ። ቶናው ሲቀዳም የሚወራው ስለ መኪናው ነበር። አፍይዋ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ነገር እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ሰውነታችን እንዲህ ላለው ኑሮ አልተሠራም። ስንደነግጥ አድሬናሊንና ኮርቲዞል ይለቀቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ አደጋ ሲመጣ የሚጠቅም ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ይበርዳል። ድንጋጤው በየሩብ ሰዓቱ ሲመጣ ግን የሚበርድበት ጊዜ የለም። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ጨጓራ ይቆጣል፣ ሰው በትንሽ ነገር ቱግ ይላል። ትንፋሽን በአፍንጫ ስቦ ቀስ አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። ዳዊት የሚደግሙ እናቶችን ወይም ዚክር የሚሉ አባቶችን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ትንፋሻቸው በራሱ ረዝሞ ታገኙታላችሁ።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ለጸበል ሰንብቶ የመጣ ሰው «ቀለል ብሎኝ መጣሁ» ይላል። እምነቱን አከብራለሁ፤ የራሴም ነው። ከጸሎቱና ከጸበሉ ጋር ግን እዚያ ሌላም ነገር አለ። ሰው ከጀምበር መጥለቅ ብዙም ሳይቆይ ይተኛል። ጎኑ ያለው ሰው ችግሩን ያዳምጠዋል። ወሬ አያሳድደውም፣ አለቃ አይደውልለትም። ይህን ሁሉ እዚያ አግኝቶ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እንደወረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጣዋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የተመለሰበት ቦታ አጥር የለውም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለ፣ መኖር ካስጠላ፣ ይህ በቡናና በማኅበር የሚያልፍ አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒት የጀመረም ጸበል ገባሁ ብሎ አያቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ወደ አጥሩ። እድር አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። እነዚህ ደንብ ማውጣት ያውቁበታል፤ ቀብር የቀረውን፣ ያረፈደውን ይቀጣሉ። ታዲያ ማኅበር በተጠጣበት ቤት ስልክ በሙዳይ ገብቶ እስከ መጨረሻው ጸሎት እንዲቆይ መደንገግ ምን ያቅታቸዋል? «ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ በዚህ ዘመን ስልክ ማጥፋት ያስፈራል። ለዚህም መላ አለ። ከማኅበርተኛው አንድ ሰው ተራ ይግባና ስልኩን ክፍት ያድርግ፤ ቤተሰብ ሁሉ የእሱን ቁጥር ይያዝ። ቀብር ሲነገር መልእክተኛ የሚልክ ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

ወሬም ሰዓት ይበጅለት። መንገዱን ማወቅ ግድ ነው፤ ጠዋት ከመውጣት በፊት አንድ የታመነ ሰው ጠይቆ ማወቅ ይበቃል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የተቃጠለ መኪና ማየት ማንንም ከምንም አያድንም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም አሉበት። መምህሩን፣ ነርሷን፣ የወረዳ ባለሙያውን በቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ «ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይድረስ» ማለት ተለምዷል። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ራሱ ተኝቷል። ይህ በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ውሳኔ የሚቆም ነገር ነው፤ በጀትም አይጠይቅም። ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብተው ጠዋት የሚተኙት ልጆችም እንዳይረሱ። የእነሱ ምሽት ቀን ነው። አከራዮቻቸው እስከ ስድስት ሰዓት ሬዲዮውን ቀንሰው፣ ልጆቹን ከበራቸው ገለል ቢያደርጉላቸው፣ ከየትኛውም ምክር የበለጠ ያደርጉላቸዋል።