ጠንካራ ሌንስም ቢሆን በውሃ አይታጠብም

ወንድሜ፣ የድሬዳዋ ሳቢያኗ እህታችን ለኬራቶኮነስ (የዓይን የፊት መስታወት እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም) ስለታዘዘላት ስክለራል ሌንስ (የዓይንን ነጭ ክፍል ተደግፎ የሚቀመጥ ሰፊ ጠንካራ ሌንስ) አጸዳድ ስትጠይቅ «ጠንካራ ስለሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በሃይላንድ ማለቅለቅ ይበቃል» ብለሃታል። ለመርዳት አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይህ ምክር ዓይን ሊያሳጣ ይችላል።

ጠንካራም ይሁን ለስላሳ፣ ሌንስን ውሃ ሊነካው አይገባም። በቧንቧም በሮቶም ውሃ አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተህዋስ ሊኖር ይችላል። ኮርኒያ (የዓይን የፊት መስታወት) ውስጥ ከገባ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ስለሚሸፍን ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ስክለራል ሌንስ ደግሞ ሥሩ ፈሳሽ ቋጥሮ ስለሚውል፣ አብሮ የገባ ጀርም ቀኑን ሙሉ ዓይን ላይ ተኝቶ ይውላል። የታሸገ ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለዓይን ተብሎ ከጀርም የጸዳ አይደለም። የፈላውም እስኪቀዘቅዝና ከዕቃ ዕቃ ሲገለበጥ መልሶ ይበከላል። የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረው ነጭ ነገር ሌንሱም ላይ ይቀራል።

እህቴ፣ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ በደንብ አድርቂ። ማታ ሌንሱን በታዘዘልሽ ማጽጃ አሽተሽ፣ በሳላይን (ለሌንስ በተዘጋጀ የጨው ውሃ) አለቅልቀሽ፣ በአዲስ ፈሳሽ ዘፍዝፊው፤ በትናንቱ ላይ መጨመር የለም። ጠዋት ሌንሱ ውስጥ የሚሞላው ማቆያ ኬሚካል (ፕሪዘርቫቲቭ) የሌለበት፣ ከጀርም የጸዳ ሳላይን ብቻ ነው። የምትዘፈዝፊበት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ከሆነ፣ በራሱ መያዣ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይቆይ ሌንሱን እንዳታደርጊው፤ ክፉኛ ያቃጥላል። መያዣውንም በውሃ አትጠቢ፣ በየ3 ወሩ ቀይሪው። ዓይንሽ ከቀላ ወይም ብርሃን ካስቸገረሽ ሌንሱን አውጥተሽ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ።