«ሞቷል፣ ጋሼ!»

ሰሞኑን መርዶ ደርሶኛል። ላፕቶፔ ሞተ ተባልኩ። ለቅሶ ያልደረሳችሁኝ ወዳጆቼ አይዟችሁ፣ አልተቀየምኩም፤ እኔም የሰማሁት አራት ኪሎ ቆሜ ነው።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ አይደል? እኔም እንደ ሰው ፋይሌን ወደ ውጭ ገልብጬ፣ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ልጫን ብዬ ፍላሽ ሰካሁ። መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ምንም ድራይቭ፣ ማለትም ፋይል የሚቀመጥበት ማከማቻ፣ አላገኘሁም ይላል። እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ የማከማቻ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከማከማቻው ጋር የሚያነጋግረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ለማምጣት «ሎድ ድራይቨር»ን ተጫን የሚል አንድ መስመር አለ። እሱን ሳላነብ ወደ ባለሙያ ሮጥኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን አንብቤው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጥበብ የት አየው ነበር?

ታውቋቸዋላችሁ መቼም፣ የ«ሞቷል» ባለሙያዎቻችንን። ምስጋና የነፈግናቸው ጀግኖች ናቸው። ሐኪም እንኳ ሰውን ሞተ ከማለቱ በፊት ትርታውን ይዳብሳል፣ ዓይኑን ገልጦ ያያል፣ ወረቀት ይፈርማል። እነሱ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ማንበብ ለተጠራጣሪ ነው።

የኔው ባለሙያ ላፕቶፑን ተቀበለኝ። አጠፋው፣ አበራው። ከዚያ አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። እንደ ስልክ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «ድምፅ የለውም» አለ። ልብ በሉልኝ፣ ውስጡ ያለው ማከማቻ ኤስኤስዲ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው እንደ ንብ እም ሲል ይሰማል፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አንዳች ነገር የለውም፣ ጤነኛውም ዝም ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሳብኝ። እየሰማሁ ነው፣ አትረብሹኝ ማለቱ ነው። አፈርኩ። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው በግራ ጆሮው ሰማ፤ ግራው የበለጠ የተማረ ሳይሆን አይቀርም። ራሱን ነቀነቀ። ከጎን የስልክ ከቨር የሚሸጠው ልጅ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ሰማ፣ እሱም ነቀነቀ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሲኒ ልትሰበስብ ብቅ ስትል ላፕቶፑ ለሷም ተሰጣት። «እኔ እንጃ፣ የሆነ ነገር የሚል መሰለኝ» አለች። ፋኑ ነበር። ቢያንስ ያለውን ሰማች። ግን ሦስት ለአንድ ስለሆነ ድምፅ በድምፅ ተሻረች። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አሉ። በጠዋት በር ተንኳኩቶ፣ የእድር ሰዎች ደጅ ላይ ቆመው ማን ይናገር እያሉ ሲተያዩ የሚፈጠረው ዓይነት ጸጥታ። ከመሃላቸው በዕድሜ ጠና ያለው ጉሮሮውን ጠርጎ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ሞቷል፣ ጋሼ።»

ነጠላ ማዘቅዘቅ ነበር የቀረኝ። ድንኳኑ የት ይተከል? እድሩ ለ512 ጊጋባይት ይከፍላል? ንፍሮ ይቀቀላል ወይስ በዳቦ ይታለፋል? እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ባለሙያው ካልኩሌተሩን አንስቷል። አዲስ ኤስኤስዲ፣ የደሞዜ ግማሽ። የእጅ ለብቻ። አሮጌውስ? «እሱ ምን ያደርግልዎታል? እኛ እንጥለዋለን።» አቤት ደግነት! ቀብሩንም ችለውልኛል።

ቤተሰብም ከዚህ አይተናነስም። በቴሌግራም ግሩፓችን ብጠይቅ አንዱ «ቫይረስ ነው» አለ፣ ሌላው «ፎርማት አድርገው»። ያልታየውን ዲስክ! ቤቱ የጠፋበትን ሰው ግድግዳውን ቀለም ቀባው እንደ ማለት።

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነበር? ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2020 ካወጣው 11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ብዙ ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል የማከማቻ መቆጣጠሪያ በርቶባቸው ይመጣሉ። ኤስኤስዲው ከሱ ጀርባ ይቀመጣል። እሱን አልፎ የሚያነጋግረው ድራይቨር ደግሞ መጫኛው ፍላሽ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። በቃ። ታክሲ ተራ የቆመውን ሚኒባስ፣ ሹፌሩ ማኪያቶ ሊጠጣ ዞር ስላለ ብቻ፣ ሞተሩ ነክሷል ብሎ ለቁርጥራጭ ብረት እንደ መሸጥ ነው። ስክሪኑ እኮ ሹፌር አምጡልኝ ነው ያለው!

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። አምና አክስቴ ስክሪኗ ላይ ይህንኑ «ድራይቭ አላገኘሁም» አይታ፣ ይህንኑ «ሞቷል» ተብላ፣ አዲስ ገዝታ ገባች። አሮጌው እዚያው ቀረ። የባሏ የመጨረሻ ጥምቀት ፎቶዎች እሱ ላይ ነበሩ። ሌላ ቦታ የሉም። ያ ኤስኤስዲ ደህና ነበር ብዬ አልምልም፤ ማንም አልፈተሸውማ! ባዮስ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ፣ ውስጥ ገብቶ ስሙ አለ የለም ብሎ ያየ የለም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የማያውቅ ሰው አላውቅም ይላል፣ አያሳፍርም። የሰው ንብረት ሳያዩ ሞተ ብሎ፣ በምትኩ ሸጦ፣ ሟቹን መሳቢያ ውስጥ ማስቀረት ግን ዝርፊያ ነው። እናንተም ብትሆኑ አሮጌውን ሳትቀበሉ ከሱቁ እንዳትወጡ።

እሺ፣ ወደ ሟቹ እንመለስ። ቤት ወስጄው በሌላ ኮምፒውተር ከአምራቹ ድረ ገጽ የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር አወረድኩ፣ ዚፑን ፈትቼ ፍላሹ ላይ ገለበጥኩ፣ «ሎድ ድራይቨር» ብዬ ፎልደሩን አሳየሁት። ብቅ አለ። ሞቶ ሲነሳ ትንሽ ከስቶ 476 ጊጋ ነኝ ይላል፤ ዊንዶውስ 512ቱን በራሱ አቆጣጠር ሲቆጥረው እንዲያ ነው። ቪኤምዲውን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል። ብቻ የነበረውን ዊንዶውስ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ዝም ብሎ እንዳያጠፋው፣ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ አልነሳም ሊል ይችላል። ያኔ ሁለተኛ መርዶ ይመጣል።

ቅዳሜ በዚያው ሳልፍ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየሁት። ዊንዶውስ 11 ላዩ ላይ ያበራል። ባለሙያው አየው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ፈገግ አለች። እሱ ግን ስክሪኑን ትቶ ላፕቶፑን ከእጄ ወሰደና ቀስ ብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«አሁንም ድምፅ የለውም» አለኝ። «ብዙ አይቆይም፣ ጋሼ።»